ከጉልበት ጅማት ኦፕራሲዮን በኋላ ሕመሙ ዓመታት ሲቆይ፦ የታፋን ጡንቻ መልሶ የማጠንከር መመሪያ

ኤሲኤል የሚባለው የጉልበት ጅማት ተበጥሶባችሁ ኦፕራሲዮን ሆናችኋል። ዓመት አለፈው፤ ምናልባትም ሦስት አራት ዓመት። ሐኪሙ ጉልበታችሁን ጎተት ገፋ አድርጎ «ጅማቱ ይዟል» ብሏችኋል። ኤምአርአዩም ምንም አላሳየም። እናንተ ግን ደረጃ ስትወርዱ ጉልበታችሁን ከፊት በኩል ያማችኋል። ታክሲ ውስጥ ተጣጥፋችሁ ቆይታችሁ ስትወርዱ ትንሽ ካላነከሳችሁ እግራችሁ አይፍታታም። ቁምጣ ስትለብሱ ደግሞ አንደኛው ታፋ ከሌላው ቀጥኖ ይታያል።

ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ኦፕራሲዮኑ ገና የወራት ዕድሜ ያለው ከሆነ ግን የሐኪማችሁንና የፊዚዮቴራፒ ባለሙያችሁን ፕሮግራም ተከተሉ። የተተካው ጅማት በመጀመሪያዎቹ ወራት፣ በተለይ ከ6ኛው እስከ 12ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ደካማ ነው። እዚህ ያሉት ከባድ እንቅስቃሴዎች ለዚያ ጊዜ አይሆኑም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ጅማቱ ይዞ ሕመሙ የቆየበት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው ሌላ ኦፕራሲዮን ወይም ሌላ መርፌ አይደለም። የታፋው የፊት ጡንቻ ሥራ እንደፈታ ቀርቶበታል። እሱን ወደ ሥራ መመለስ ነው ያለበት።

ጡንቻው ለምን ተኛ?

ጉልበት ሲጎዳና ውሃ ሲቋጥር፣ ከመገጣጠሚያው የሚነሳው የነርቭ መልእክት የታፋውን የፊት ጡንቻ ያፍነዋል። ጡንቻው አልተቆረጠም። የሚጎድለው ትእዛዝ ነው። ሰውነት የተጎዳውን ቦታ ከጫና ለመጠበቅ የሚያደርገው ነገር ነው፤ ለጊዜው ጥሩ ነው። ችግሩ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ትእዛዙ በራሱ ጊዜ ሙሉ በሙሉ አለመመለሱ ነው። ጉልበቱ ውስጥ ጥቂት ውሃ ከቀረ ደግሞ ጡንቻው በሙሉ ኃይሉ አይሠራም።

ሰውነት በበኩሉ ዘዴ ያበጃል። በሁለት እግራችሁ ቁጭ ብድግ ስትሉ ክብደቱን ቀስ ብሎ ወደ ጤነኛው እግር ያሸሸዋል። ደረጃ ስትወጡ በዳሌና በወገብ ታግዙታላችሁ። ስለዚህ «እኔ እኮ በእግሬ ብዙ እሄዳለሁ፣ ጂምም አልቀርም» የሚል ሰው ታፋው ዓመቱን ሙሉ እንደቀጠነ ሊቀር ይችላል። ጡንቻው ያልተቀበለው ጫና ደግሞ የትም አይጠፋም። የጉልበት ሎሚውና መገጣጠሚያው ላይ ያርፋል።

መጀመሪያ፦ ይህን መመሪያ ትታችሁ ሐኪም ጋ የምትሄዱት መቼ ነው?

ባታችሁ በድንገት ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ዛሬውኑ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። ጉልበቱ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ካለም እንዲሁ። ጉልበታችሁ መሀል ላይ እንደተቆለፈ አልታጠፍም አልዘረጋም የሚል ከሆነ፣ ዞር ስትሉ የሚከዳችሁ ከሆነ፣ ወይም በቅርቡ ተጠምዝዞ በሰዓታት ውስጥ ያበጠ ከሆነ መታየት አለበት። በጡንቻ ሥራ ብቻ የሚፈታ ነገር አይደለም።

1. የተተካላችሁ ጅማት ከየት እንደተወሰደ እወቁ

ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ከሆስፒታል ስትወጡ የተሰጣችሁ ወረቀት ላይ ተጽፏል። ከሌላችሁ ከካርዳችሁ ላይ ኮፒ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

ከጉልበት ሎሚው በታች ካለው ጅማት ከተወሰደ፣ ጉልበት ፊት ላይ ማመምና ተንበርክኮ መቆየት አለመቻል የተለመደ ነው። ከታፋ ጀርባ ከተወሰደ፣ ጉልበትን ወደ ኋላ አጥፎ ተረከዝን ወደ መቀመጫ የማምጣት ኃይል ይቀንሳል። ስትሮጡም የኋላ ታፋ ቶሎ ይያዛል። ከሎሚው በላይ ካለው የታፋ ጅማት ከተወሰደ ደግሞ ዋናው ድካም የፊት ታፋ ላይ ነው። ሜኒስከስ (በጉልበት አጥንቶች መሀል ጫና የሚያበርደው ለስላሳ ትራስ) ተሰፍቶ ወይም ተቆርጦ እንደሆነም እዩ። ከተቆረጠ መገጣጠሚያው ጫናን የሚያበርድበት ነገር ቀንሷል፤ ዝላይና ሩጫን ቀስ ብላችሁ ጨምሩ።

በነገራችን ላይ፣ ከጠባሳው አጠገብ ቆዳው መደንዘዙ አያስደንግጣችሁ። ሲቀደድ ቀጫጭን የቆዳ ነርቮች አብረው ይነካሉ። አንዳንድ ሰው ላይ ድንዛዜው እስከ መጨረሻው ይቀራል፤ ጉልበቱን ግን አያዳክመውም።

2. ለኩ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። «ትንሽ ደህና ነኝ» የሚባለው ስሜት ከቀን ቀን ይለዋወጣል፤ ቁጥር አይለዋወጥም። የልብስ ሰፊ ሜትር፣ ወንበርና ስልክ ይበቃሉ።

መዘርጋት፦ አልጋ ላይ በደረታችሁ ተኙ። ከጉልበት በታች ያለው እግራችሁ ከአልጋው ጠርዝ ውጪ ይንጠልጠል። ሰው ከኋላ ሆኖ ሁለቱን ተረከዞች ይይ። የታከመው እግር ተረከዝ ከፍ ብሎ ከቀረ ጉልበቱ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም ማለት ነው። የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት አንድ ዲግሪ ያህል ነው።

ውሃ፦ ጀርባችሁን ደገፍ አድርጋችሁ እግራችሁን ዘርጉ፣ ታፋችሁን አላሉ። ከጉልበት ሎሚው ጎን፣ ወደ ሌላኛው እግር በሚያየው በኩል፣ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። በመዳፋችሁ ከእሷ ጀምራችሁ ወደ ላይ ወደ ታፋ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠረግ አድርጉ። አሁን በውጪኛው ጎን ከላይ ወደ ታች አንዴ ጥረጉ፤ ዓይናችሁን ግን ከጎድጓዳዋ አትንቀሉ። እንደገና ሞልታ ብቅ ካለች ውስጥ ውሃ አለ። ምንም ካልታየ ጥሩ ነው። ጠርጋችሁት መልሶ ወዲያው የሚሞላ ከሆነ ብዙ ነው፤ ከባዱን ሥራ ለጊዜው ተዉት።

የታፋ ውፍረት፦ ከጉልበት ሎሚው የላይኛው ጠርዝ 15 ሴንቲሜትር ወደ ላይ ለክታችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። እዚያ ላይ ዙሪያውን ለኩ። ሁለቱንም እግር። ሜትሩን አታጥብቁት። ውፍረት ኃይል አይደለም፤ ልዩነቱ ትንሽ ሆኖ የኃይል ልዩነቱ ብዙ ሊሆን ይችላል።

ኃይል፦ ተራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ። በአንድ እግር ብቻ ተነሱ፤ ሳትወድቁ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ስንት ጊዜ ቻላችሁ? መጀመሪያ በጤነኛው፣ ከዚያ በታከመው ሞክሩ። አንዴም ካልተነሳችሁ ትራስ ጨምሩና ከፍታውን ጻፉት። ከዚያ በአንድ እግር ተረከዝ እያነሳችሁ ቁጠሩ። በመጨረሻ በጀርባችሁ ተኝታችሁ አንድ ተረከዝ ወንበር ላይ አድርጋችሁ ዳሌ እያነሳችሁ ቁጠሩ፤ ይህ የኋላ ታፋን ያሳያል።

የታከመውን ቁጥር ለጤነኛው አካፍሉ። በጤነኛው 20፣ በታከመው 14 ከሆነ 70 በመቶ ላይ ናችሁ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጡት ግብ 90 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ግን ተጠንቀቁ፦ ለዓመት ያህል ካረፋችሁ «ጤነኛው» እግርም ደክሟል። ከደካማ ጋር ተወዳድሮ እኩል መውጣት ማታለያ ነው።

3. መጀመሪያ ይዘርጋ፣ ውሃውም ይቀንስ

እስከ መጨረሻው የማይዘረጋ ጉልበት ስትቆሙም ስትሄዱም ታፋውን ያለ እረፍት ያሠራዋል። ከፊትም ያሳምማል። ስለዚህ ከኃይል በፊት ይህ ይቅደም።

ተረከዛችሁን በተጠቀለለ ጋቢ ወይም ፎጣ ላይ አድርጉ። ከጉልበት ጀርባ ምንም አይኑር። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ቴሌቪዥን እያያችሁም ይሆናል። ከዚያ ጉልበቱን ወደ መሬት ተጭናችሁ ታፋችሁን አጥብቁ፣ 5 ሰከንድ ያዙ፣ ልቀቁ፣ 15 ጊዜ። ስታጠብቁ በእጃችሁ ዳስሱት። ሎሚው ወደ ላይ ካልተሳበና ጡንቻው እንደ ሌላኛው ካልጠጠረ ትእዛዙ እየደረሰ አይደለም። ሁለቱን እግር አንድ ላይ አጥብቁ፤ ብዙ ጊዜ ሰነፉ ጎበዙን ይከተላል። የፊዚዮቴራፒ ክፍል ያለው ሆስፒታል ከቀረባችሁ በኤሌክትሪክ ማነቃቂያ መሣሪያ እንዲያግዟችሁ ጠይቁ።

ለሳምንታት ሠርታችሁ መዘርጋቱ አንድ ቦታ ላይ ግድግዳ እንደነካ ቀጥ የሚል ከሆነ አታስገድዱት። ከተተካው ጅማት ፊት ለፊት ጠባሳ በቅሎ መንገዱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ያ በእንቅስቃሴ አይጠፋም፤ ሐኪም ነው የሚያነሳው።

ስለ ወጌሻ ሳልናገር አላልፍም። ታፋን በቅባት ቀስ አድርጎ ማሸት ጉዳት የለውም፣ ያዝናናልም። ኦፕራሲዮን የሆነን ጉልበት በጉልበት ማጠፍ፣ መጠምዘዝና «ማስገባት» ግን በፍጹም። «ብርድ ገብቶበት ነው» የሚሏችሁም አይጠፉም። ሙቀት ያስታግሳል፤ ጉልበታችሁን ያደከመው ግን ብርድ አይደለም።

4. የሕመም ሕግ አውጡ

ትንሽ ሕመም ማለት ጉዳት ማለት አይደለም። ባመማችሁ ቁጥር ከቆማችሁ አትጠነክሩም። ስለዚህ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ስጡት። ስትሠሩ እስከ 3 ከሆነ ቀጥሉ። 4 ወይም 5 ከሆነ ክብደቱን ወይም ጥልቀቱን ቀንሱ። ከዚያ በላይ ከሆነ ያን ቀን ተዉት።

ዋናው ፍርድ ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ከአልጋ ስትወርዱ ከትናንት ጠዋት የባሰ ከሆነ፣ ወይም ጎድጓዳዋ ከሞላች፣ የትናንቱ ሥራ በዝቷል። በሚቀጥለው ቀን ግማሹን ሥሩ። ጠዋት እንደነበረ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው፤ ጨምሩ። ጡንቻው ራሱ መዛሉን ከጉልበት ሕመም ጋር አታምታቱት፤ ያ ደህና ነው።

5. ኃይሉን ገንቡ

በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሀሉ አንድ ቀን እረፍት። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ብላችሁ ብትይዙ ይቀላል። ከቻላችሁ በአንድ እግር ሥሩ። ከታከመው ጀምሩ፤ እሱ የቻለውን ያህል ብቻ ለሌላኛው ስጡት።

ደረጃ ስትወርዱ የሚያማችሁ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት ሳትንቀሳቀሱ በመያዝ አሳልፉ። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጥፋችሁ ዝቅ በሉ፣ አብዛኛውን ክብደት በታከመው እግር ላይ አድርጉ፣ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ያዙ። አምስት ጊዜ። እየቀለለ ሲመጣ ዝቅ በሉ።

ከዚያ ወደ ደረጃው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታድላችኋል፤ ሁልጊዜ የምትማረሩበት ደረጃ ጂማችሁ ነው። የመጨረሻዋ የታች ደረጃ ላይ በታከመው እግር ቁሙ። የደረጃውን መደገፊያ በጣት ብቻ ንኩ። የሌላኛውን እግር ተረከዝ ቀስ ብላችሁ ወደ ታች አውርዱ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ። መሬት ንኩ እንጂ አትረፉበት። ተመልሳችሁ ውጡ። ስልካችሁን ከፊት አቁማችሁ ቅረጹት። የቆማችሁበት ጉልበት ወደ ውስጥ ዘመም ካለ፣ ወይም ዳሌያችሁ በአንድ ወገን ከወረደ፣ ደረጃዋ ገና ከፍ ብላባችኋለች። መጀመሪያ ወፍራም መጽሐፍ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ሥሩ። ቅርጹ ሳይበላሽ ስምንት ከሞላችሁ ወደ ደረጃው ተመለሱ። ይህ አንድ እንቅስቃሴ ታፋን፣ ዳሌንና ሚዛንን በአንዴ ያሠራል። አንዱን ብቻ ምረጡ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

ሁለተኛው ተቀምጦ እግርን መዘርጋት ነው። ዳሌም ወገብም ሊያግዙት አይችሉም፤ ታፋው ብቻውን ይሠራል። ጂም ካላችሁ ማሽኑ አለ። ቤት ከሆነ የብስክሌት የውስጥ ጎማ የወንበሩ የኋላ እግር ላይ እሰሩና ቁርጭምጭሚታችሁ ላይ አጥልቁት። «ኤሲኤል የተሠራ ሰው ይህን ማሽን አይነካም» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ጥንቃቄው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ጅማታችሁ ዓመት ካለፈውና ሐኪም ደህና ነው ካለ ይጠቅማችኋል። የመጨረሻው ዝርጋታ ላይ ሎሚው ስር ካመማችሁ ሙሉ በሙሉ አትዘርጉ፤ ከ90 ዲግሪ እስከ ግማሽ ዝርጋታ ድረስ ብቻ ሥሩ።

ለኋላ ታፋ፦ ካልሲ አድርጋችሁ ሴራሚክ ወለል ላይ በጀርባችሁ ተኙ፣ ዳሌያችሁን አንሱ፣ ተረከዞቻችሁን ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት አንሸራቱ። ስትጠነክሩ በአንድ እግር። ለባት ደግሞ ደረጃ ጠርዝ ላይ ተረከዝ ማንሳትና ማውረድ ይበቃል።

እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በዙር ከ8 እስከ 12። በመሀል ሁለት ደቂቃ እረፉ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሊከብዷችሁ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያንኑ ቀላል እንቅስቃሴ ለወራት ይደጋግማል። ያለ ችግር 15 ከሠራችሁ ክብደት ጨምሩ። የጀርባ ቦርሳ ውስጥ የ5 ሊትር ጀሪካን ውሃ አስገቡ፤ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ሲቀል 10 ሊትር።

መጀመሪያ የሚጨምረው የነርቭ ትእዛዙ ነው። ስለዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ትጠነክራላችሁ፣ ሜትሩ ግን ላይነቃነቅ ይችላል። ታፋው በዓይን እንዲታይ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ጠብቁ። ጡንቻ ያለ ፕሮቲን አይሠራም። ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት በቀን እስከ 1.6 ግራም ድረስ ብታደርሱ ጥሩ ነው። ጾም ከሆነ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ባቄላውና ለውዙ በርከት ይበል። ኩላሊት የታመመ ሰው ግን ሐኪሙን ይጠይቅ።

6. የዕለት ተዕለቱ

መንበርከክ ብዙዎችን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። ቆዳው ራሱ መልመድ ይፈልጋል። በቀን ሁለት ደቂቃ ፍራሽ ላይ ተንበርከኩ። ሲለመድ የታጠፈ ጋቢ ላይ፣ ከዚያ ምንጣፍ ላይ። እስከዚያው ስግደት ለሚበዛበት ጊዜ፣ በተለይ ለሕማማት፣ የንስሐ አባታችሁን አስቀድማችሁ አማክሩ። ሶላት ለምትሰግዱም ለታመመ ሰው ወንበር ላይ ይፈቀዳል።

ታክሲ ውስጥ እግር የሚዘረጋበት መቀመጫ ካገኛችሁ ያዙት። ቢሮ ከሆናችሁ በየግማሽ ሰዓቱ ተነሱ። ክብደት ከጨመራችሁ ጥቂት ኪሎ መቀነስ ደረጃ ላይ ወዲያው ይታወቃል።

ዳይክሎፍናክና አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ እየገዙ ለወራት መዋጥ ይቅር። ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ጨጓራ ላለበት ሰው ደግሞ ይብሳል። ጡንቻውንም አያነቁትም።

7. ወደ ኳስ ስትመለሱ

በአሜሪካና በኖርዌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት፣ ከ9 ወር በፊት ወደ ስፖርት የተመለሱ ሰዎች ዳግም የመጎዳት ዕድላቸው እጅግ ከፍ ያለ መሆኑን አሳይቷል። የታፋ ኃይላቸው ከጤነኛው ጋር የተቀራረበ ሰዎች ደግሞ ብዙም አልተጎዱም። እናንተ 9 ወሩን ካለፋችሁ ቆይታችኋል። የቀራችሁ ሁለተኛው፣ ማለትም የታፋው ኃይል ነው። 90 በመቶ ሳትደርሱ ሜዳ አትግቡ። ከዚያ መጀመሪያ በሁለት እግር ዝለሉ፣ ቀጥሎ በአንድ፣ ቀጥሎ አቅጣጫ እየቀየራችሁ። ማረፊያው ላይ ድምፅ አታሰሙ። ከሰው ጋር መጋፋት የመጨረሻው ነው።

8. ካልተለወጠስ?

12 ሳምንት ሳታቋርጡ ሠርታችሁ፣ ቁጥሩም ጨምሮ፣ ሕመሙ ግን ካልቀነሰ ተመለሱና ሐኪም አማክሩ። አንዱ ሊሆን የሚችለው የመገጣጠሚያ መበላት ነው። ኤሲኤል የተበጠሰበት ጉልበት፣ ኦፕራሲዮን ቢደረግም ባይደረግም፣ ከ10 እስከ 20 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ለዚህ ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ቢገኝባችሁም ታፋ ማጠንከር ከመጀመሪያዎቹ ሕክምናዎች አንዱ ነው፤ የሠራችሁት በከንቱ አይሄድም። ስዊድን ውስጥ ኤሲኤል የተበጠሰባቸው 121 ወጣቶች ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት አለ። ቶሎ ኦፕራሲዮን ሆነው ፊዚዮቴራፒ የሠሩትና በፊዚዮቴራፒ ጀምረው ካስፈለጋቸው ብቻ ኋላ ኦፕራሲዮን የሆኑት፣ ከሁለት ዓመት በኋላ የጉልበታቸው ሁኔታ ተመሳሳይ ነበር። የእንቅስቃሴው ድርሻ ይህን ያህል ነው።

ስትሄዱ የኦፕራሲዮኑን ወረቀት፣ የ12 ሳምንቱን ቁጥሮችና ደረጃው ላይ የቀረጻችሁትን ቪዲዮ ያዙ። «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። የት፣ ምን ስታደርጉ፣ ከ10 ስንት፣ በማግስቱ እንዴት እንደሆነ ንገሩት። ለቀጠሮ የተሰጣችሁ ጊዜ አጭር ነው፤ ይህን ይዞ የመጣ ሰው ግን ጉልበቱ በደንብ ይታይለታል።

ከተሳካላችሁና 90 በመቶውን ካለፋችሁ ደግሞ ሦስቱን ቀን ወደ አንድ ወይም ሁለት አውርዱ። ክብደቱን ግን አትቀንሱ። በየሦስት ወሩ ወንበሩ ላይ በአንድ እግር እየተነሳችሁ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ ከወረደ ሦስቱን ቀን መልሱ።